የእኔ አረቄ፣ የልጄ እግር

ልጄ ሜሮን በሦስት ወር ከአሥር ቀኗ ቀኝ እግሯ ከጭኗ ላይ ተሰበረ። የሰበርኩት እኔ ነኝ። ለሰባት ወር ያህል ግን በቤታችንም፣ በዘመድም፣ በነፍስ አባታችንም ዘንድ የሰበረቻት እናቷ ነበረች። እንዲያ እንዲሆን ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ቤቱ ሕፃን ያለው፣ ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ አባት ይህን ካገኘ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። የምነግረው ስለ በሽታዬ ነው። ራሴን ደግ ሰው አስመስዬ ግን አልተርክለትም።

ስሜ ይበልጣል ይባላል። ቡሬ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በሬ ሲታመም፣ ላም መውለድ ሲያቅታት፣ በግ ክትባት ሲደርሰው የምጠራው እኔ ነኝ። ገበሬው ዶክተር ይለኛል፤ ዶክተር አይደለሁም። ላሙን ያተረፈለትን ሰው አፉን ሳያረጥብ የሚሸኝ ቤት በእኛ አገር የለም። አንዱ ግቢ አንድ መለኪያ አረቄ፣ ቀጥሎ ያለው ግቢ ሁለት፣ እንዲህ እያልኩ ከሰዓት በኋላ ሞተሬን መንዳት አቅቶኝ እየገፋሁ የምመለስበት ቀን በዛ። እምቢ ማለት ሰውን መናቅ ነው እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። ቆይቼ ግን ማንም ሳይጠራኝ መሄድ ጀመርኩ። «ያቺ ጊደር እንዴት ሆነች?» እላለሁ ከበር ቆሜ። ጊደሯ ከዳነች ወር አልፏታል። ሰውየው ግን ይገባዋል፣ ይቀዳል።

የመጀመሪያው ምልክት የጠዋት ማቅለሽለሽ ነበር። ምንም ሳልቀምስ አስመልሳለሁ። ቀጥሎ ላብ መጣ፤ ብርድ ባለበት ጠዋት ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ እጄ። የላም ደም ሥር ፈልጌ መርፌ ማስገባት ሲያቅተኝ «ያዛት እንጂ፣ አስቸገረች!» እያልኩ ባለቤቱ ላይ እጮሃለሁ። ላሟ ቆማ ታመሰኳለች።

ቡሬ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ደሜን ሰጠሁ፤ ታይፎይድ አሉኝ። የታይፎይዱን ኪኒን ጨርሼ ለውጥ ሳጣ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ጨጓራ አሉኝ። ሦስተኛው ነርቭ ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። ከሁሉም አንዲት ነርስ ብቻ ከወረቀቷ ቀና ብላ፣ «መጠጥ ይጠጣሉ?» አለችኝ።

«ለእንግዳ ያህል» አልኳት።

ጻፈችውና ቀጣዩን ታካሚ ጠራች። እኔ በሬ ሲታመምብኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ምን እንደበላ ነው። የእኔን ግን አንድ ሰው ጠየቀኝ፣ እሷንም ዋሸኋት።

ጸበልም ገብቻለሁ። ሦስት ቀን ሳልጠጣ ስቆይ መላ ሰውነቴ ይርገፈገፍ ጀመር፤ ሰዉ «ሊጮህበት ነው» ብሎ ከበበኝ። ደስ አለኝ። ጋኔን ከሆነ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ከጸበሉ ወጥቼ ቀጥታ አረቄ ቤት ገባሁ፤ ሁለት መለኪያ ስጠጣ መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። ቤት ደርሼ ለሚስቴ፣ «ጸበሉ አዳነኝ» አልኳት። እሷም ስለቴን ሰምቶልኛል ብላ እልል አለች።

ሚስቴ ማስተዋል ትባላለች። የሽንዲ ገበሬ ልጅ ናት፤ ቡሬ ከመጣን ወዲህ ቤት ውስጥ ፀጉር ትሠራ ነበር። ሜሮንን ስታምጥ በባጃጅ ያደረሳት ጎረቤት ነው። እኔ የደረስኩት በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ ደስታዬን እየጠጣሁ ቆይቼ። ሊያርሷት የመጡት እናቷ እማማ ደስታ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እሳቸው እንዲያ አይደሉም። የመጣው ጠያቂ ሁሉ ፊት፣ «ልጄ መንታ ነው የተገላገለች። አንዱ ጺም አብቅሏል» አሉ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳም አርፍጄ ነው የደረስኩ። የነፍስ አባታችን ቄስ አንሙት ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ይበልጣል፣ ከቤት ስትወጣ ማስተዋልን ጥለህ አትውጣ» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ፤ ከሁሉ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። ሚስትህን ይዘህ ና ያሉኝ መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ ቤታችን እንዴት እንደነበር በአንድ ነገር ልንገራችሁ። የሞተሬ ድምፅ ከመንገዱ ሲሰማ ማስተዋል ሜሮንን ከጡቷ ትነጥቃትና ወደ ጓዳ ታገባታለች። ተናድጄ ስለምገባ ሳይሆን ስቄ ስለምገባ ነው። ስጠጣ ልጄን ማቀፍ፣ ወደ ላይ መወርወር፣ ጺሜን ፊቷ ላይ ማሸት ያምረኛል። ሳልጠጣ ደግሞ ለቅሶዋ ራሴ ውስጥ እንደ ምስማር ይገባና «ዝም አሰኚያት!» እላለሁ። ልጅቷ ከሁለቱ አባቶቿ የትኛው እንደሚመጣ አታውቅም። እናቷም አታውቅም። ግማሽ እየጠባች፣ ግማሽ እየተኛች ኪሎዋ ቀነሰ። ጤና ጣቢያ የመዘነቻት ባለሙያ ማስተዋልን ተቆጣቻት፦ «ምን እየበላሽ ነው የምታጠቢያት? ጡትሽ ለምን ነጠፈ?» እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። እኔን ማንም አልጠየቀኝ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። እማማ ደስታ ወደ ሽንዲ ተመልሰዋል። ማስተዋል እህል ወፍጮ ቤት ማድረስ ነበረባት፤ ልጅቷን ዱቄት ብናኝ ውስጥ ይዛ መቆም ፈራች። አጠገቤ መጥታ አሸተተችኝ።

«ዛሬ አልቀመስክም አይደል?»

«አልቀመስኩም።»

«በእመቤቴ በል።»

«በእመቤቴ፣ አልቀመስኩም።»

እውነቴን ነበር። ያጠፋንም ያ እውነት ነው። አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን እጄ ጀመረ፣ ላቡ ወረደኝ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መታ። ሜሮንም ነቅታ አለቀሰች። ብድግ አድርጌ በግራ ክንዴ አቀፍኳትና የሥራ ዕቃዬን ወደማስቀምጥበት ክፍል ወረድኩ። ሁለት የሲሚንቶ ደረጃዎች አሉት። አረቄዬን እዚያ ባዶ የነበረ የትል መድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ነበር የምደብቀው። በቀኝ እጄ አነሳሁት፣ ክዳኑን በጥርሴ ከፈትኩ፣ ስመለስ የላይኛውን ደረጃ ሳትኩ። በላይዋ ላይ ወደቅሁ።

ቀና ስል ሁለቱም መሬት ላይ ነበሩ፤ ልጄ እየጮኸች፣ ጠርሙሱ እየፈሰሰ። መጀመሪያ ያነሳሁት ጠርሙሱን ነው። ጠጣሁም። ከዚያ ልጄን አነሳሁ። እጄ ይረጋና ደህና አድርጌ እይዛታለሁ ብዬ ነው፤ ያኔ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው።

ወለሉን ወለወልኩ። ልጅቷን አጥብቄ ጠቅልዬ አልጋው ላይ አስተኛኋት። ድምጿ እስኪዘጋ አልቅሳ ደክሟት ተኛች። ማስተዋል ዱቄት የነካውን ነጠላዋን እያራገፈች ስትገባ፣ «ሆዷን ሳይነፋት አይቀርም፣ አስቸገረችኝ» አልኳት። ገላዋን ለማጠብ ስትፈታት ልጅቷ ሰማይ ድረስ ጮኸች። ማስተዋል ቅቤ አቅልጣ ሆዷን አሸችላት። እሑድንም በዚህ ዋልን፤ ጎረቤት ዓይን በልቷት ነው አለ። ሰኞ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ጉንፋን ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡን። እናቷ ሽሮፑን በማንኪያ ስታጠጣት የማይንቀሳቀሰውን እግር አየሁት። አየሁትና ፊቴን አዞርኩ። ማክሰኞ እግሯ አብጦ ሲቀላ ነው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የሄድነው፤ ሦስት ቀን አልፎ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃኑ አንስቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ሁለታችንም ዞረ።

«የዚህ ዕድሜ ልጅ አጥንት ዝም ብሎ አይሰበርም። ወድቃለች፣ ወይም ከባድ ነገር ወድቆባታል። ማን ነበር ከልጅቷ ጋር?»

ማስተዋል አየችኝ። ጠርጥራኝ አይደለም፤ ግራ የገባት ሰው ባሏን እንደሚያየው ነው ያየችኝ።

«ሁልጊዜ አብራት ያለችው እናቷ ናት» አልኩ። «እንቅልፍ የላትም ዶክተር። ተኝታባት ይሆናል።»

«እኔ?» አለች ማስተዋል።

 ፊቷ ላይ ነገሩን ስትፈልገው አየኋት። ከዚያ አገኘችው። «ዓርብ ለታ እያጠባኋት እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ስነቃ ክንዴ እላይዋ ላይ ነበር። አዎ፣ እላይዋ ላይ ነበር።» ከዚያ ራሷን ትመታ ጀመር። ውሸቱን እኔ ጀመርኩት፣ እሷ ጨረሰችልኝ። ሐኪሙ አዘነላት እንጂ ሊቆጣት አልጨከነም፤ «አይዞሽ፣ ሳታውቂ ነው» አላት። ለልጅቷ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ ተደረገላት። እንደ ትንሽ ሐውልት ሆነች።

እዚያው ሆስፒታል በሁለተኛው ቀን፣ ኮሪደሩ ላይ ተራ ስጠብቅ ወደቅሁ። ስነቃ ምላሴን ነክሼ አፌ ደም ሆኗል፤ አንድ ሰው አፍንጫዬ ሥር ክብሪት ይጭራል። «የሚጥል በሽታ አለበት» ይላል ሰዉ። ወጣት ሴት ሐኪም መጥታ ካስተኛችኝ በኋላ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አደረገች።

«የመጨረሻ የጠጡት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ጠዋት።»

«ይህ የሚጥል በሽታ አይደለም። ሰውነትዎ መጠጡን ለምዶታል፤ ድንገት ሲያጣው አእምሮዎ እንዲህ ይቃወሳል። ሊገድልዎትም ይችላል። መታከም የሚችል በሽታ ነው። ባለቤትዎን ልጥራና አብረን እንነጋገር?»

«አይጥሯት» አልኳት። ዓመት ሙሉ ስፈልገው የነበረው የበሽታዬ ስም ያ ነበር። አገኘሁትና ደበቅሁት። ከሆስፒታል በወጣን ዕለት ጠጣሁ።

ከዚያ ሰባቱ ወር መጣ። እማማ ደስታ ተመልሰው መጥተው ሜሮንን ከእናቷ ጎን ነጥለው ከራሳቸው ጋር ማስተኛት ጀመሩ፤ ማስተዋል የምታጠባው እሳቸው እያዩ ነው። እናቴ ከገጠር መጥታ፣ «ልጅ መያዝ የማታውቅ ከሆነች ለእኔ ስጡኝ» አለች፤ ማስተዋል አንገቷን ደፍታ ሰማች። ፀጉር ሊሠሩ የሚመጡ ሴቶች ልጆቻቸውን ለአፍታ እንኳ «ያዥልኝ» አይሏትም። ቄስ አንሙት ንስሐዋን ሰምተው፣ ሳታውቂ ያደረግሽው ነው ብለው ጥቂት ስግደት ሰጧት። እሷ ግን በራሷ ፈቃድ አበዛችው።

እኔስ? አንድ ቀን ሰክሬ ገብቼ ትንሽ ብትናገረኝ፣ «እኔ እንኳ ልጅ አልሰበርኩም» አልኳት።

አላለቀሰችም። ወደ ጓዳ ገባች። ያ ቃል እንደሚሠራ ካየሁ በኋላ ደጋግሜ ተጠቀምኩበት። ስለ መጠጤ አፏን በከፈተች ቁጥር በዚያ ዘጋሁት። ከወደቅሁባት ቅዳሜ ይልቅ የምፈራው ይህን ማስታወስ ነው። ያ ድንገት ነው፤ ይህን ግን አስቤበት ነው ያደረግሁት።

በመጨረሻ አንድ ገበሬ ግቢ በሬ ልወጋ ጎንበስ እንዳልኩ ደም አስመለስኩ፤ ጥቁር፣ ብዙ ደም። ገበሬዎቹ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሱኝ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ላኩኝ። ጉበቴ ተጎድቷል፤ ከጉሮሮዬ በታች ያበጠ የደም ሥር ፈንድቷል። ሐኪሙ፣ «ጉበትህ ገና አልሞተም። አንዲት መለኪያ ግን ለአንተ መርዝ ናት» አለኝ። መንቀጥቀጡ እንዳይጥለኝ ማስታገሻ፣ የተሟጠጠውን ቫይታሚን በመርፌ፣ ሲሻለኝ ደግሞ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር። መዳን እንዲህ ነው የጀመረው፤ አንድ ተአምር የለበትም። ማታ ማታ ግድግዳው ላይ የሚሄድ ነገር አይ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ጠፋ።

ሦስት ሳምንት ያስታመመችኝ ማስተዋል ናት። ሜሮንን አዝላ ትውከቴን ትጠርጋለች፣ አጥሚት በማንኪያ ታጎርሰኛለች። ጎኔ የተኛው ሽማግሌ፣ «ምን ያለችውን ሚስት ሰጠህ!» ይለኛል በየቀኑ። ለባለሙያው ግን ስለ ቅዳሜዋ ነግሬው ነበር። «ለእኔ መንገርህ ጥሩ ነው» አለኝ። «የበደልካት ግን እኔን አይደለም።»

ቤት ከገባን በሳምንቱ ጠዋት፣ ማስተዋል በሩ ጀርባ ስትሰግድ አገኘኋት። ሜሮን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ እናቷ ዝቅ ከፍ ባለች ቁጥር ትስቃለች። ማስተዋል መነሳት አቅቷት ወገቧን ይዛ ቆየች።

«እስከ መቼ ነው?» አልኳት።

«ሜሮኔ እስክትራመድ ተስያለሁ» አለች ዞር ሳትል።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ደረጃውን፣ ጠርሙሱን፣ መጀመሪያ ምን እንዳነሳሁ፣ ወለሉን እንደወለወልኩ።  ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«አራት ሰዓት ገደማ።»

«እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ።»

«አዎ።»

«ወፍጮ ቤት ነበርኩ» አለች እንደገና። «ወፍጮ ቤት ነበርኩ እኮ!» እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው፤ ከዚያ ሰባት ወር ያጠራቀመችውን አለቀሰች። ስትጨርስ ፊቷን ታጥባ ልጅቷን አዘለችና፣ «ተነስ» አለችኝ። «ለኔ የነገርከኝን ለቄሱ ትነግራለህ። ለእናቴም፣ ለእናትህም። እኔ ቆሜ እየሰማሁ።»

ነገርኩ። ቄስ አንሙት መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «አንተ ሰው፣ እኔንም እኮ አሳሳትከኝ» ብለው አለቀሱ። እናቴ ከማስተዋል እግር ላይ ወደቀች። እማማ ደስታ አልጮሁም፣ አልተራገሙም። «ሰባት ወር ልጄን ከልጇ ለየኋት» ብቻ አሉ። ከዚያ የማስተዋልን ዕቃ ሸክፈው እናትና ልጅን ወደ ሽንዲ ወሰዷቸው። አልለመንኩም።

ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፏል። እጁ ለሚንቀጠቀጠው አባት የምመክረው ይህ ነው፤ ጠዋት ካልጠጣህ እጅህ የማይረጋ ከሆነ ለሐኪም እውነቱን ተናገር፤ ለብቻህ በአንድ ቀን ለማቆም አትሞክር፣ ሊጥልህ ይችላል። እስክትድን ድረስ ደግሞ ሕፃን አትያዝ። ደህና በመሰለህ ቀንም ቢሆን አትያዝ። ገበሬው ዛሬም ይቀዳልኛል፤ «ጉበቴ ሞቷል» እላለሁ፣ ያዝንልኛል፣ ውሃ ይሰጠኛል።

ሜሮን ትራመዳለች። ትንሽ ታነክሳለች፤ ሐኪሙ እያደገች ስትሄድ ይስተካከላል ብሏል። እኔ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሽንዲ እየሄድኩ ውጭ መደብ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። እንድይዛት የተፈቀደልኝ ካቆምኩ ከዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን ማስተዋል ራሷ ይዛት መጣችና፣ «ያዛት» አለችኝ። ያዝኳት። ከብዳለች፤ ሸሚዜን ጨብጣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ማስተዋል ግን አልሄደችም። ሁለት እጆቿን ከልጅቷ ሥር ዘርግታ፣ ሳትነካት፣ ብትወድቅ ልትቀልባት ጎንበስ ብላ ቆመች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ይዣታለሁ። ማስተዋል እስካሁን እንዲያው እጆቿን ዘርግታ ነው የምትቆም። እኔም እጆችሽን አንሺ አላልኳትም።